የምጽላል መቀስ

ምጽላል ማረፏን የነገረኝ ባሏ ነው። መምህር ካሕሳይ ስልክ ሲደውል ሰላምታው ረጅም ነው፤ የእኔን ጤና፣ የአባቴን ጤና፣ ሱቁን፣ የሰፈሩን ውሃ መምጣትና አለመምጣት ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ያን ዕለት ጠዋት ግን፣ «ሰዓዳ፣ ምጽላል ዛሬ ሲነጋጋ ዐረፈች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። ወዲያው ቀጠለ፤ «አንቺ ግን ቀብር አትመጪም። ራህዋ ጋ ሂጂልኝ። እንዳትሰማ።»

ራህዋ አንድ ልጃቸው ናት። ያን ዕለት ሴት ልጅ ከተገላገለች ሠላሳ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ደሟ ይቆጣል ይባላል። እናቷ ኩላሊቷን ታማ ሆስፒታል እንደተኛች ታውቃለች። «ተሽሏታል፣ ሰሞኑን ትወጣለች» እያልን ስናባብላት ሦስት ሳምንት ሆኖን ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ፈራሁ።  ከሰፈራችን ከቀዳማይ ወያነ እስከ ራህዋ ሰፈር ሓወልቲ በእግሬ ስሄድ ሁለት ጊዜ ቆሜ የሰው አጥር ተደግፌያለሁ። ምጽላል ብታየኝ በሳቅ ትሞትብኝ ነበር። «ኣጆኺ ሰዓዳ፣ ገና ምንም አልሆነም እኮ!» ትለኝ ነበር። ኣጆኺ አይዞሽ ማለት ነው፤ በቀን ዐሥር ጊዜ እሰማው ነበር።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መቀሌ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ምጽላል የሱቃችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ ትሰፋ ነበር። አጭር ናት፤ ድምፅዋ ግን የቁመቷን ሦስት እጥፍ ነው። አራት አምስት መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ነክሳ በአፏ ጥግ እያወራች ትሠራለች፤ ሳቋ ሲመጣባት መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰክታ ነው የምትስቀው። አንዲት ከባድ የጨርቅ መቀስ ነበረቻት፣ እጀታዋ በቀይ ክር የተጠመጠመ። በእሷ ወረቀት መቁረጥ ክልክል ነው። አንድ ቀን ሳላውቅ የስኳር ከረጢት ብቆርጥባት እስከ ምሳ አላናገረችኝም።

ወደ ቴሌቪዥን የገባችው በልብስ ስፌት በኩል ነው። ጥቂት ልጆች ተሰብስበው በየሳምንቱ እሑድ የሚታይ የትግርኛ ኮሜዲ ሊሠሩ ተነሡ፤ «እንዳ ለምለም» አሉት፣ የለምለም ቤት ማለት ነው። ለተዋናዮቹ ልብስ እንድትሰፋላቸው መጥተው በረንዳችን ላይ ድርሰቱን ሲለማመዱ፣ ምጽላል መርፌዎቿን ከአፏ አወጣች።

«ይህች ለምለም የምትሏት ማን ናት?» አለች። «ባሏ ሲጮህባት አንገቷን ትደፋለች። ልጇ ሲያለቅስ ፈገግ ትላለች። ስምዑ፣ እኔ አሥር ዓመት በትዳር ኖሬ እንዲህ ያለች ሴት አንድም ቀን ቤቴ መጥታ አታውቅም።»

ልጆቹ ሳቁ። በሳምንቱ «እስቲ አንቺ ጻፊው» አሏት። በወሩ ለምለም እሷው ራሷ ሆነች። እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። ሥራዬ ከስክሪኑ ግርጌ የሚወጣውን አማርኛ መጻፍና ዕቃ ማሰናዳት ነበር።

ስቱዲዮ የሚባል ነገር አልነበረንም። የምንቀርጸው በምጽላል በራሷ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ድስቱም የእሷ፣ አልጋውም የእሷ። መምህር ካሕሳይ ሲፈቅድ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆ ነበር፤ «ያዋስኳችሁ ቤቴን ነው፣ ራሴን አይደለም። የእኔ የሆነ ነገር እንዳይታይ።» የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ ቁጥብ፣ ተማሪ የሚፈራው። ስለዚህ ካሜራው ከመምጣቱ በፊት መጻሕፍቱን፣ ፎቶውን፣ ጫማውን፣ ኮቱን ሰብስቤ ከአልጋው በታች መደበቅ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ምጽላል የምትጽፈው ነገር ያስቅ ነበር፤ እኔን ግን መጀመሪያ ያስደነግጠኛል። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰሞን ባልና ሚስት በመጨረሻዋ ጀሪካን ሲጣሉ አሳየች። ባልየው ገላውን ታጥቦ ጨርሶባት ይወጣል። ለምለም አትጮኽም፤ ባዶዋን ጀሪካን አቅፋ፣ «ዛሬ አልወድህም። ነገ ጠይቀኝ» ትለዋለች። በማግስቱ ባልየው ከከተማው ዳር ከዓይናለም የውሃ ጉድጓዶች ድረስ ሄዶ የቀዳውን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ነገ ሆነ እኮ» ይላል። ያ ንግግር ከተማውን አዳረሰ። ገበያ ውስጥ ሴቶች በዋጋ ሲከራከሩ እንኳ «ነገ ጠይቀኝ» ይባባሉ ነበር። ከዚያ በፊት ሚስት ባሏን ዛሬ አልወድህም ስትል በቴሌቪዥን የሰማ ሰው የለም፤ እኔም ያን አማርኛ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

«ያስፈራሽን ነገር ጻፊው» ትለኝ ነበር። «ሳቁ ከኋላ ከኋላው ይመጣል።»

አንድ ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ እንዳለች፣ ቀና ሳትል አንድ ነገር ነገረችኝ። ራህዋን የወለደች ጊዜ ነው። ሴት ልጅ የወለደች አራስ እስከ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከቤት አትወጣም፤ ብቻዋንም አትተውም። ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ብረት ከትራሷ ሥር ይደረጋል። የምጽላል ብረት መቀሷ ነበረች። በሠላሳ ምናምነኛው ቀን ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ፣ ስታለቅስ፣ አማቷ ገበያ ወጡ። ምጽላል ልጅቷን ባሏ እቅፍ ላይ አስቀምጣ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልነገረችውም፤ እሷም አታውቅም። እግሯ ዓይናለም መንገድ ላይ አደረሳት። የውሃ ጉድጓዱ አጥር ሥር ተቀመጠች።

«ልመለስ አልነበረም» አለችኝ።

«ታዲያ ልጅሽ ናፈቀችሽና…»

«አልናፈቀችኝም፣ ሰዓዳ ሓፍተይ፣ እህቴ። ጡቴ ሞልቶ አመመኝ። ጡቴ ነው የመለሰኝ።»

ስትመለስ መምህር ካሕሳይን ከሕፃኗ ጋር እያለቀሰ ነው ያገኘችው፤ ሕፃን ይዞ አያውቅማ። ለእናቱ አልተናገረም። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ሆኖ ቀረ። ራህዋ በሰባት ወሯ ብርቱ ትኩሳት ታመመችና ግራ ጆሮዋ መስማት አቆመ። አማቷ «ምን ነክቷት ነው? አራስ ቤት ሳለሽ ምን አይቷት ነው?» እያሉ ዓመታት ጠየቁ።

«ሐኪሙ ትኩሳት ነው ብሏል። እኔም ትኩሳት ነው እላለሁ» አለችኝ ምጽላል። «ግን በግራዋ በኩል ጠርቻት ዝም ስትለኝ፣ ያ ቀን ይመጣብኛል።»

ከዚያ ይህንን በለምለም እሠራዋለሁ አለች። ለመንኳት። የቤት ገበና አደባባይ አይወጣም አልኳት። አማትሽ ከሰሙ የልጅቷን ጆሮ በአንቺ ላይ ይጭናሉ፣ ካሕሳይንም ከአንቺ ያለያያሉ፣ ልጅሽንም ይወስዷታል አልኳት። ከንፈሯን ነክሳ ሰማችኝ። «እኔም እሱን ነው የምፈራው» አለች። «ሁሉም እናት ዘንድ እንዲህ ያለ አንድ ቀን ያለ ይመስለኛል። አንድ ሰው ቢስቅበት፣ ብቻዬን አይደለሁም እላለሁ። ደግሞ የለምለም ነው እንጂ የእኔ መሆኑን ማን ያውቃል?»

ማን እንዳሳወቀ ልንገራችሁ። እኔ ነኝ።

የጎረቤት ሕፃን ለሁለት ሰዓት ተውሰን እየቀረጽን ነው። ምጽላል ለምለምን ሆና ከቤት ወጥታ ሄዳለች፤ ባል ሆኖ የሚሠራው ልጅ ሕፃኗን ይዞ ይንቆራጠጣል። ካሜራ የሚይዘው ልጅ «ግድግዳው ባዶ ሆነብኝ፣ የሆነ ነገር ስቀሉበት» ብሎ ጮኸ። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እናቷ በር ላይ ቆማ «በቃችሁ» ትላለች፣ እኔ ተጣድፌ ከአልጋው በታች እጄ የደረሰበትን ጎትቼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። የመምህር ካሕሳይ ግራጫ ኮት ነበር። ክርኑ ተቀድዶ ምጽላል ግራጫ ብታጣ በአረንጓዴ ቆዳ የጣፈችው። ተማሪዎቹ ሁሉ በዚያ ክርን ነው የሚያውቁት፤ «መምህር አረንጓዴ» ነው የሚሉት ከኋላው።

የሰቀልኩት የማን ኮት እንደሆነ ያየሁት ሕፃኗ ከተወሰደች፣ ብርሃኑም ካለፈ በኋላ ነው።  ምጽላልን ጠርቼ አሳየኋት፣ እንድገመው ብዬ አለቀስኩ። ኮቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከክርኑ ላይ አንድ የተበጠሰ ክር ነቀለች። «የቀሩን ቀናት የሉም፤ እሑድ ነው የሚወጣው» አለች። ከዚያ፣ «ይቅር። ኮቱም የቤቱ ሰው ነው።» ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል አባቴ። እሑድ ታየ። ሰኞ መምህር ካሕሳይ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ከኋላ ወንበር አንዱ ተማሪ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። መምህሩ የጀመረውን ካርታ ስሎ ጨርሶ፣ እጁን አራግፎ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ማክሰኞ እናቱ ኣደይ ብርኽቲ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

እኔ የዚያን ቀን እዚያው ነበርኩ፤ ጥፋቴን ልናገር ሄጄ ጓዳ በር ላይ ተለጥፌ ነበር። ምጽላል ራህዋን በጉልበቷ መሐል አቁማ ጸጉሯን ትሠራለች። ኣደይ ብርኽቲ አልተቀመጡም።

«ይህ በቴሌቪዥን ያየሁት፣ በእኔ ልጅ ቤት የሆነ ነው?» አሉ።

መምህር ካሕሳይ ተነሣ። በሕይወቱ ዋሽቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ አለመልመዱ ከድምፁ ያስታውቃል። «እኔ ነኝ የላክኋት፣ ኣደይ። ንፋስ ይምታሽ፣ ጥቂት ዙሪና ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተነፈሱ። ነገሩ ሊያልቅ ነው። ዐይኔን ጨፍኜ አላህን አመሰገንኩ።

«ሓቂ አይደለም» አለች ምጽላል።

ካሕሳይ በዐይኑ ለመናት። እሷ ግን የራህዋን ጸጉር ሳትለቅ፣ «አልላከኝም። ራሴ ነኝ የወጣሁት። እሱን አልወቅስበትም፣ ለእሱም አልሰጠውም» አለች።

«አራስ ሆነሽ? ብቻሽን?» ኣደይ ብርኽቲ ዐይናቸው ወደ ልጅቷ ግራ ጆሮ ሄደ። ቤቱ ውስጥ ያለን ሁላችን አየነው። 

ምጽላል የራህዋን ጸጉር ለቀቀች። ያን ጊዜ ብቻ ነው ስትፈራ በግልጽ ያየኋት። «ብቻዬን አልወጣሁም፣ ኣደይ» አለች። «መቀሴን በጉያዬ ይዤ ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳይወድ ሳቅ አመለጠው። በጋቢው አፉን ሸፈነ።

«ምን መለሰሽ ታዲያ?» አሉ ኣደይ ብርኽቲ።

«ናፍቃኝ ነው ብል ደስ ይልዎ ነበር። ጡቴ አመመኝ።» ከዚያ ራህዋን በቀኝ ጆሮዋ በኩል ወደ ደረቷ አስጠግታ ሸፈነቻት። «እርስዎ የሚያስቡትን እኔም በየቀኑ አስበዋለሁ። ከእርስዎ በላይ እፈራለሁ። ስለፈራሁ ነው ሰውን ያሳቅሁበት።»

ኣደይ ብርኽቲ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሳይመርቁ፣ ሳይረግሙም። እስከ ፋሲካ እዚያ ቤት እህል አልቀመሱም። እሑድ እሑድ ግን «እንዳ ለምለምን» ከጎረቤት ቤት ተቀምጠው ይመለከቱ እንደነበር ኋላ ሰማን። መምህር ካሕሳይ በማግስቱ ያንኑ ኮት ለብሶ ትምህርት ቤት ሄደ። ምጽላልን አላናገራትም፤ ሦስት ቀን ሙሉ። በአራተኛው ቀን በረንዳችን ላይ መጥቶ ቆመና፣ እኔና አባቴ እየሰማን፣ «ነገ ሆነ እንዴ?» አላት። መርፌዎቿን ከአፏ እስክታወጣ አልጠበቀም።

ኮሜዲው ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀረ። ምጽላል ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ስለ ኮቱ አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው ራህዋ ቤት የደረስኩት። ኣደይ ብርኽቲ በር ላይ በዱካ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ቀብር ድረስ የሚሄድ እግር የላቸውም። «ማልቀስ ካማረሽ ጓዳ ግቢ» ብለው አንሾካሾኩብኝ። የቴሌቪዥኑ ሶኬት ተነቅሏል። የራህዋን ስልክ ባሏ «አሠራዋለሁ» ብሎ ይዞት ወጥቷል፤ ሥራ ተጠራሁ ብሎ ነው ቀብር የሄደው።

ራህዋ ተጋድማ ልጇን ታጠባለች። ከትራሷ ሥር ቀይ ክር የተጠመጠመ እጀታ ብቅ ብሏል። እንባዬ እንዳያመልጠኝ ፈራሁና በግራዋ በኩል ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ በማትሰማው ጆሮዋ በኩል። ስለ ውሃ አወራሁ። ስለ ሱቁ አወራሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጨርሼ የማወራው አጣሁ።

ያን ጊዜ ነው ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን፣ የምጽላል ድምፅ የመጣው። «ዛሬ አልወድህም። ነገ ጠይቀኝ።»

ራህዋ በቀኝ ጆሮዋ ሰማች። ፊቷ በራ። «እናቴ!» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ። «ይህ ከቀረ ስንት ዓመቱ! ለምን ዛሬ ያሳዩታል?» የተነቀለውን ሶኬት አየች። በር ላይ ያሉትን አያቷን አየች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰዓዳ። ቀብሯ ስንት ሰዓት ነው?»

አደራ አለብኝ። ወተቷ ቢደርቅ፣ ደሟ ቢቆጣ፣ ሕፃኗ አንድ ነገር ብትሆን ጥፋቱ የእኔ ነው። በዚያች ቅጽበት የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም። ተነሥቼ በቀኟ በኩል ዞርኩ፤ በምትሰማበት በኩል።

«ዘጠኝ ሰዓት» አልኳት።

አልጮኸችም። ልጇን ከጡቷ አላቅቃ እቅፌ ላይ አስቀመጠችልኝና ጋቢዋን ደርባ ወደ በሩ ሄደች። ኣደይ ብርኽቲ ከዱካቸው አልተነሡም፤ በሩን ሞልተውታል።

«ወዴት?»

«እናቴ ጋ፣ ዓባየይ» አለች አያቷን።

«አራስ ነሽ።»

«እናቴም አራስ ነበረች።»

አሮጊቷ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ግድግዳ ይዘው እንደምንም ተነሡ። ይዘው ሊመልሷት መሰለኝ። እያዘገሙ ግን ወደ አልጋው ሄዱ፤ ከትራሱ ሥር መቀሱን አወጡ፤ ተመልሰው በራህዋ ጉያ ከጋቢው ሥር ሸጎጡላት።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንዳትገቢ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ከበሩ ውጭ ቁሚ» አሉ። ከበሩም ዞር አሉላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል አልመኝላችሁም። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እኔ እሹሩሩ እላለሁ፣ ኣደይ ብርኽቲ መቁጠሪያቸውን ይዘው መንገዱን ያያሉ። ብትወድቅስ? መኪና ቢመታትስ? እናቷ እንደ ተቀመጠችበት አጥር ሥር ሄዳ ተቀምጣ ባትመለስስ? በመጨረሻ እኔም ከሕፃኗ ጋር አለቀስኩ። ድሮ ሕፃን ታቅፎ ለቀረው ለለምለም ባል የጻፍኩለትን አማርኛ ሁሉ ያን ጊዜ ገባኝ።

ራህዋ ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መጣች። እግሯ አቧራ ለብሷል፣ ዐይኗ አብጧል። ቀሚሷ ፊት ለፊት ደረቷ ላይ በወተት ርሶ ነበር። መቀሱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ኣደይ ብርኽቲ ወተቱን አዩ። «ምን መለሰሽ?» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ጡቴ አመመኝ፣ ዓባየይ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ራህዋም ሳቀች፣ እኔም ሕፃኗን እያቀበልኳት ሳቅሁ። ከዚያ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ የምጽላልን ስም ጠርተን እሪ አልን።